የሰው ሠራሽ እግር ፈተናው ማታ ነው

ሰው ሠራሽ እግር ያደረገ ሰው ሲሄድ ያየ ሁሉ የሚናገራት አንዲት የአድናቆት ቃል አለች፤ «ምንም አያስታውቅም እኮ!» የምትል። ከቅን ልብ ነው የምትወጣው። ሥራ ለመመዘን ግን አትበቃም። ሰው ከታክሲ ወርዶ ቢሮ እስኪገባ፣ ሠርግ ላይ ፎቶ እስኪነሣ፣ ባለሙያው ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪመላለስ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ቀጥ ብሎ መራመድ ይችላል። ጥርሱን ነክሶ የሚሄደውንና ተመችቶት የሚሄደውን ከመንገድ ማዶ ሆኖ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ የሚታወቀው ማታ ነው፤ እግሩ ሲወልቅ፣ ካልሲው ሲገፈፍ፣ ቆዳው መብራት ላይ ሲታይ።

በአገራችን እግር የሚያሳጣው ብዙ ነው። ጦርነት አለ፤ የባድመው፣ ኋላም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሰሜኑን ያነደደው። የመኪና አደጋ አለ። ዘግይቶ የታወቀ የስኳር በሽታ አለ። ከዛፍ ወድቆ የተሰበረን ልጅ ወጌሻ ከልክ በላይ አጥብቆ ያስረውና ደም መድረስ አቁሞ እጅ ወይም እግር የሚቆረጥበትም ጊዜ አለ። አዲስ አበባ፣ መናገሻ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ወዳሉት የአካል ተሃድሶ ማዕከላት የሚመጣው ሰው አብዛኛው ሰው ሠራሽ እግሩን የሚቀበለው እንደ ስጦታ ነው። «እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ይሉኝታ ይዞት ነው። ባለሙያው ያንን ቃል አምኖ ፋይሉን ይዘጋል፤ ሰውየው አገሩ ይገባል፤ እግሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አልጋ ሥር ይገባል።

አልጋ ሥር የገባ እግር ያስቆጨኛል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ እርማት ነበር፤ እርማቱን የሚጠይቅ ቃል ባለመነገሩ ብቻ የአንድ ሰው እርሻ፣ የአንዲት ሴት ገበያ መውጣት ይቀራል። ይህን የምጽፈው ያ ቃል እንዲነገር፣ ተናጋሪውም የቱን ጥሩ ሥራ፣ የቱን መጥፎ እንደሚል አውቆ እንዲናገር ነው።

ከጉልበት በታች ለተቆረጠ እግር የሚሠራውን እንያዝ፤ ሥራውን አቅርቦ ለማየት እሱ ይመቻል። የቀረው እግር፣ ማለትም ጉቶው፣ የሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል ሶኬት ይባላል። ብዙ ሰው የሰውነት ክብደት የተቆረጠው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። አያርፍም፤ ቢያርፍ ማንም ሁለት ቀን አይራመድበትም። ክብደቱ የሚከፋፈለው መሸከም ለሚችሉ ቦታዎች ነው፤ ከጉልበት ሎሚ በታች ላለው ጅማት፣ በቅልጥም አጥንት የውስጥ ጎን ሰፋ ብሎ ለሚገኘው ገጽ፣ ከኋላ ደግሞ ለባት ሥጋ። ሳይጫኑ መታለፍ ያለባቸው ደግሞ አሉ፤ በውጭ በኩል ከጉልበት ዝቅ ብላ ጎበጥ ያለችው የቀጭኗ አጥንት ራስ፣ የቅልጥም ስለት፣ የተቆረጡት አጥንቶች ጫፍ።

ማታ የሚፈተሸው እንግዲህ ይህ ነው። ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ቀላ ብሎ ቢገኝ ደግ ምልክት ነው፤ ሸክሙ በቦታው ውሏል። መቅላቱ ግን በ10 ደቂቃ ግድም መጥፋት አለበት። 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆይቶም ከታየ ግፊቱ በዝቷል። የቀጭኗ አጥንት ራስ ወይም የቅልጥም ስለት ላይ ከሆነ ደቂቃ መቁጠርም አያስፈልግም፤ ቦታው ራሱ ስሕተት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። «መቅላት» ሲባል የሚታሰበው ነጭ ቆዳ ነው። የእኛ ቆዳ ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል፣ ወይም መልኩን ሳይለውጥ ይሞቃል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይታመንም። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀቱን ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ማነጻጸር፣ በጣት ጫን እያሉ ጠንከር ያለ ቦታ መኖሩን መዳሰስ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ላለበትና ስሜቱ ለደነዘዘ ሰው ይህ የየዕለት ግዴታ ነው፤ እሱን ሕመም አያስጠነቅቀውም። የጉቶውን ጀርባ የሚያይበት ትንሽ የእጅ መስታወትም ያሻዋል።

ጫፉም ይታይ። የሶኬቱ ሥር ጉቶውን በስሱ መንካት አለበት። ባዶ ቦታ ከቀረ በየእርምጃው ሥጋው ወደዚያ ይሳባል፤ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ኪንታሮት የመሰለ ሻካራ ያወጣል። ባለቤቱ «ቆዳዬ ለመደ» ብሎ ያልፈዋል። አልለመደም፤ ሶኬቱ ልኩ አይደለም።

ልክ የሆነ ሶኬት የሚወለደው ጀሶ ቤት ነው፤ የባለሙያው እጅም የሚለየው እዚያ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፋሻውን ከማርጠቡ በፊት ይዳስሳል። ጉቶውን ስስ ካልሲ ያለብስና እያንዳንዱን አጥንት በአውራ ጣቱ እየፈለገ፣ ቀለሙ ጀሶ ላይ በሚታተም እርሳስ ያከብበዋል። በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያውን ለክቶ ይጽፋል። ከዚያ የጀሶውን ፋሻ ይጠመጥማል፤ ሳይደርቅም ሁለት አውራ ጣቶቹን ከጉልበት ሎሚ በታች በጅማቱ ግራና ቀኝ ያሳርፋል፤ ሌሎቹን ጣቶች ከኋላ አድርጎ ጀሶው እስኪረጋ ድረስ ሳይነቃነቅ ይይዛል።

የደረቀው ፋሻ ከወጣ በኋላ ውስጡ ጀሶ ይሞላና የጉቶው ቅርጽ ይገኛል። ሥራውን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አለቀ ይላል። ዋናው ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም ጉቶውን እንዳለ የቀዳ ሶኬት አይለበስም። ክብደት የሚሸከመው ቦታ ላይ ጀሶው በሞረድ ይፋቃል፤ መነካት የሌለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጀሶ ይጨመራል። በተፋቀው በኩል ሶኬቱ ይጠብቃል፣ በተጨመረው በኩል ይላላል፤ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ይህን ሥራ ቆሜ ሳየው አልጠግበውም። ጥሩው ባለሙያ ሁለት ሦስት ጊዜ ፋቅ ፋቅ ያደርግና ሞረዱን አስቀምጦ ሜትር ያነሣል። ዙሪያውን ይለካል፤ ወረቀቱ ላይ ከጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ እንደገና ይፍቃል። መጨረሻ ላይ እርጥቡን ጀሶ በሽቦ ወንፊት አሽቶ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያም ወደ ሌላ እያየ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋልና። የሚጣደፈው ባለሙያ በዚሁ ይታወቃል፤ ሜትሩ ከኪሱ አይወጣም።

በማዕከላቶቻችን ሶኬቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካምቦዲያ ውስጥ ያጎለበተው የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ዝርጉ ፕላስቲክ 180 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ምድጃ ውስጥ እንደ ሊጥ ልል ሲል ያወጡትና ጀሶው ላይ ያለብሱታል፤ አየሩ በፓምፕ ሲመጠጥ ተጣብቆ ቅርጹን ይይዛል። ውሃ አያበሰብሰውም፤ ጭቃ ውስጥ ውሎ ይታጠባል። ከሁሉም በላይ ግን ሲሞቅ እንደገና ስለሚለዝብ ይታረማል። ይህን ጠባዩን አንባቢ ይያዝልኝ።

ካርቦን ፋይበር ሲባል ልባቸው የሚሸፍትና «የፕላስቲክ እግር» የሚባለውን የሚንቁ ሰዎች አሉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሚመጣ ዘመድም ያገለገለ እግር በሻንጣ ይዞ መምጣት ትልቅ ውለታ ይመስለዋል። ፍቅሩ የሚከበር ነው። ነገር ግን ያ ሶኬት የተቀረጸው በሌላ ሰው ጉቶ ልክ ነው፤ የማንም ሶኬት ለማንም አይሆንም። ከዚያ እግር ሊተርፍ የሚችለው ቧንቧውና መርገጫው ነው፤ መርገጫውም ቢሆን ግራና ቀኝ አለው፣ የጫማ ቁጥር አለው፣ ካርቦን ከሆነ ደግሞ ለተወሰነ የሰውነት ክብደት ነው የተሠራው። ቀላል ሰው ከባዱን ሲረግጠው አይተጣጠፍለትም፤ ከባድ ሰው ቀላሉን ሲረግጠው ይሰብረዋል። መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? እኔን የሚጠይቀኝ ዘመድ ቢኖር፣ ለዚያ ሻንጣ የሚያወጣውን ወንድሙ ከገጠር ተነሥቶ ማዕከሉ ከተማ የሚደርስበት፣ ሥራው እስኪያልቅ የሚያርፍበት፣ ኋላም ለማስተካከያ የሚመለስበት ገንዘብ ቢያደርገው እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ እግሩን የሚያጣው በዚያ ትራንስፖርት እጦት ነው።

ጥሩ ሥራ ሌላም መታወቂያ አለው፤ ባለሙያው ከመለካቱ በፊት ስለ ኑሮ ይጠይቃል። ገበሬውን «አባባ፣ የሚያርሱት ዳገት ነው ሜዳ? መሬቱ ጭቃ ይይዛል?» ይላቸዋል። አሮጊቷን «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጡት በርጩማ ላይ ነው? ይሰግዳሉ?» ይላል። ወጣቷን «እኅቴ፣ ሥራሽ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?» ይላታል። እነዚህ ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ሶኬቱ ማዕከሉ ውስጥ ላለው ወንበር የተሠራ ሶኬት ይሆናል።

ለምሳሌ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ወንበር ላይ ከሚታጠፈው በላይ ይታጠፋል። የሶኬቱ የኋላ ጠርዝ ከፍ ብሎ ከቀረ ከጉልበት ጀርባ ያሉትን ጅማቶች ይቆነጥጣል። ሰውየው ሲለካ አይታወቀውም፤ ቤቱ ገብቶ ቡና ሊጠጣ ዝቅ ሲል ይይዘዋል። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ሰበብ ፈልጎ ይነሣል፤ ከሰው መነጠል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ እግሩን ከመቀበል በፊት ግቢው ውስጥ በርጩማ ተፈልጎ መቀመጥ፣ ሳይደገፉ መነሣት፣ መንበርከክ፣ ሽንት ቤት እንደሚቀመጡ ቁጢጥ ማለት መሞከር አለበት። ጠርዙንም በጣት ዙሩት፤ ክብና ልሙጥ ሆኖ ወደ ውጭ ገለጥ ያለ መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ለስላሳ ፎም አንድም ቦታ መታጠፍ ወይም መሸብሸብ የለበትም፤ ጠዋት የማይሰማ ሽብሽባት ከሰዓት በኋላ ውሃ ይቋጥራል።

ጫማ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። መርገጫው የተገጠመው ለአንድ የተረከዝ ቁመት ነው። ባለ ከፍታ ጫማ ሲያደርጉበት እግሩ ወደፊት ያዘነብልና ጉልበትን ያጥፋል፤ ዝቅ ያለ ሲያደርጉበት ወደ ኋላ ያዘነብልና ጉልበትን ይገፋል፤ ሜዳው ዳገት ይሆናል። እኛ አገር ይህ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ይወልቃል። ቅዳሴ ሙሉ ባዶ እግሩን የሚቆም ሰው ጉልበቱ ወደ ኋላ ሲገፋ አርፍዶ «እግሩ አልተስማማኝም» ይላል። መድኃኒቱ ካልሲ ውስጥ ከተረከዙ ሥር የምትገባ ትንሽ የጎማ ሽብልቅ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ባለሙያው ካልሰማ አያዘጋጃትም። ለመለካት የሚሄድ ሰው ዘወትር የሚያደርገውን ጫማ፣ ሁለትም ከሆኑ ሁለቱንም፣ ይዞ ይሂድ። ለዕለቱ አዲስ ጫማ ገዝቶ መሄድ የሚጠቅም ይመስላል፤ ሥራውን ግን ያዛባል።

ቁመቱን ለማየት ባለሙያው ከኋላ ቆሞ ሁለት እጁን በዳሌ አጥንቶቹ ላይ ያሳርፋል፤ እጆቹ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ከዚያ ሰውየው ይራመድ። ተመልካች ሁሉ ጫማውን ያያል፤ መታየት ያለበት ትከሻው ነው። በየእርምጃው ወደ ሰው ሠራሹ በኩል ዘንበል የሚል ከሆነ ወይ እግሩ አጥሯል፣ ወይ ሶኬቱ ጎኑን ይወጋዋል፣ ወይ የዳሌው ጡንቻ ገና አልበረታም። በደህናው እግሩ ጣቶች ብድግ እያለ የሚያልፍ ከሆነ ሰው ሠራሹ ረዝሟል ወይም ከጉቶው እየሾለከ ይንጠለጠላል። ዓይን ያልያዘውን ጆሮ ይይዘዋል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሁለቱ እግሮች ድምፅ እኩል በእኩል መከታተል አለበት። ከሰው ሠራሹ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ሰው አንድም ያመዋል፣ አንድም እግሩን አላመነውም። አለማመን በፊዚዮቴራፒ ይስተካከላል፤ ሕመም ግን ወደ ጀሶ ቤት መመለስ አለበት። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ማዕከል ጥሩ ማዕከል ነው።

የማዕከል ወለል ልሙጥ ነው፤ ሰፈራችን ኮብልስቶን፣ ቦይ፣ ዳገትና ጭቃ ነው። ከበር ሳይወጣ የተመዘነ እግር ግማሹን ብቻ ነው የተመዘነው። ደረጃና የሚኒባስ መወጣጫ ላይ ልምምድ ይደረግ፤ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ። ቁልቁለት ከዳገት እንደሚከብድም አስቀድሞ ይነገር።

እግሩ ከጉቶው ጋር የሚያያዝበትን መፈተሽ ቀላል ነው። ቆመው በሶኬቱ ጠርዝ ልክ ካልሲው ላይ መስመር ያሰምሩና እግሩን ከመሬት ያንሡት። መስመሩ ከጠርዙ ብዙ ከራቀ በየእርምጃው ጉቶው እየወጣና እየገባ ቆዳውን ይሞርደዋል። ማሰሪያው ከጉልበት ሎሚ በላይ የሚያርፍ ጠፍር ከሆነ ቁልፉ ላልቶ ወይም ቀዳዳው ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጉቶ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ልክ ላይ አይቆይም፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ይከሳል። ጠዋት የሞላው ሶኬት ማታ ሊሰፋ ይችላል፤ ሰውነት ሲከሳም እንዲሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙን አክርሮ የሚይዝ ሰው ለፋሲካ ሲቃረብ ሶኬቱ ሰፍቶት ጉቶው ወደ ታች ሲሰምጥ፣ ጫፉም ሲመታው «እግሩ ተበላሸ» ይላል። እግሩ አልተበላሸም፤ አንድ ካልሲ መጨመር ይበቃል። ጥሩ ማዕከል ስስና ወፍራም ካልሲ ሰጥቶ መቼ የትኛው እንደሚለበስ አስተምሮ ይሸኛል። ካልሲ በካልሲ ላይ እየተደራረበ የሚለበስበት ቀን ከመጣ ግን ሌላ ሶኬት የሚሠራበት ጊዜ ደርሷል። መታጠቡም ማታ ይሁን፤ ጠዋት ታጥቦ እርጥበቱ ሳይለቀው ሶኬት ውስጥ የገባ ቆዳ ይላጣል። አዋቂ ሰው በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ የሚያድግ ልጅ ግን በየ6 እስከ 12 ወሩ አዲስ እግር ያስፈልገዋል። ልጁ «ጠበበኝ» እስኪል አይጠበቅም፤ ልጆች ጨዋታ እንዳይቀርባቸው ሕመም ይደብቃሉ።

ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው ነገሩ ይከብዳል። ለመራመድ የሚጠይቀው ኃይል ከደህናው ሰው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ የጉልበት መገጣጠሚያም ይመጣል። እዚህ ላይ ለሥራው ጥራት አንድ መለኪያ ብቻ ልስጥ፤ ሰውየው ተረከዙን ሲያሳርፍ ጉልበቱ ሳይታጠፍበት ይቆማል ወይ? ዳገታማ ማሳ ላይ ለሚውል ገበሬ የሚቆለፍ ጉልበት ከሚተጣጠፈው ሊሻለው ይችላል። አካሄዱ ደረቅ ይላል፤ ሰውየው ግን አይወድቅም። ይህን ምርጫ ባለሙያው ብቻውን መወሰን የለበትም።

ስለ ሩጫ የሚጠይቁ ወጣቶችም አሉ። በፓራሊምፒክ የምናየው እንደ ማጭድ የጎበጠው የካርቦን እግር ሥሩ አሜሪካዊው ቫን ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈጠረው መርገጫ ነው፤ እሱ ራሱ እግሩን ከጉልበት በታች ያጣ ሰው ነው። ለሩጫ ድንቅ ነው። ተረከዝ ስለሌለው ግን ቆሞ መዋያ አይሆንም። ሮጦ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ስፖርት በዘወትር እግሩ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፤ ቆዳው ያንን ከቻለ የቀረው ይከተላል።

እግሩ ሳይቆረጥ ለደከመ ሰው የሚሠራው ድጋፍ ብረት፣ ብዙዎች ካሊፐር ወይም ብሬስ የሚሉት፣ ሌላ ዓይን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የመናገሻው የቼሻየር ማዕከል ስሙ ከፖሊዮ ልጆች ጋር የተያያዘ ነው፤ ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ባለ ሽበት ሆነውም በብረቱ ይሄዳሉ። በረጅሙ ድጋፍ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የብረቱ ጉልበት ነው። የብረቱ መታጠፊያ ከሰውየው ጉልበት መታጠፊያ ጋር አንድ መስመር ላይ ካልሆነ፣ ሲቀመጥ ጠፍሩ ታፋው ላይ ይንሸራተታል፣ ሱሪውንም ይቦጫጭቃል። የሱሪው ቀዳዳ ያለበትን ቦታ ያየ ባለሙያ ስሕተቱ የት እንዳለ ሳይለካ ያውቃል። መቆለፊያው ሲቆም በራሱ ክብደት ወርዶ መያዝ፣ ሊቀመጥ ሲል ደግሞ በአንድ ጣት መነሣት አለበት፤ ገበያ መካከል ሁለት እጅ የሚጠይቅ መቆለፊያ ሰውን ይጥላል።

እግራቸው ቆልመም ብሎ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሠራው ድጋፍ ከሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ጫማ በአንድ ዘንግ የተያያዙበት ነው። ትውልደ ስፔናዊው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ አሜሪካ ውስጥ ባዳበረው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ከተቃና በኋላ ሕፃኑ ይህን ጫማ መጀመሪያ ለ3 ወር በቀን ለ23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ በሚተኛበት ጊዜ ያደርጋል። የዘንጉ ርዝመት የልጁን የትከሻ ስፋት ያህል ይሁን፤ ካጠረ ልጁ ይነጫነጫል፣ እናት ታዝንለታለች፣ ጫማው ይወልቃል፣ እግሩም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጫማው ውስጥ ተረከዙ ወለሉን መንካቱ የሚታይባት ቀዳዳ ያለው ከሆነ ሠሪው እናቲቱን አስቦላታል።

አሁን ወደዚያ ወዳቆየሁት የፕላስቲክ ጠባይ ልመለስ። ሰው «እዚህ ጋ ያመኛል» ሲል ጣቱ የሚጠቁመው የሶኬቱን ውጭ ነው፤ ባለሙያው ማወቅ ያለበት ግን የውስጡን ነጥብ ነው። ብልኃቱ ሊፒስቲክ ነው። ካልሲው ወልቆ ያመመው ቦታ ላይ ቆዳው በሊፒስቲክ ነጠብ ይደረጋል፤ ጉቶው በቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ሰውየው ይቆምና ጥቂት ይረግጣል። ሲያወጣው ቀለሙ ሶኬቱ ውስጥ ትክክለኛው ቦታ ላይ ታትሞ ይገኛል። ባለሙያው ያንን ነጥብ ብቻ በሙቅ አየር አለዝቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲበርድ ሰውየው ይለብሰዋል፤ ግቢውን ይዞራል፤ ተመልሶ ካልሲውን ያወልቃል፤ ቆዳው እንደገና ይታያል። አንዳንዴ ይህ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ የሚደጋግመው ባለሙያ ሥራውን ያወቀ ነው፣ የሚያስደጋግመውም ሰው አስቸጋሪ አይደለም።

የባት ቅርጽ የሚያስይዘው ማሳመሪያ ሽፋን የሚለብሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዴ ከለበሰ ብሎኖቹን ለማስተካከል መቅደድ ያስፈልጋልና። ባለሙያው ሽፋኑን ለማልበስ ቢቸኩል «ትንሽ ልሂድበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልምጣ» ማለት ይቻላል። ያ ቀጠሮ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጥ። በመካከሉ ያመመበት ሰዓት፣ የሄደበት መንገድ፣ የጨመረው ካልሲ ቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ በሚችል ልጅ እጅ በደብተር ይያዝ፤ ባለሙያው ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላየውን እግር የሚያየው በዚያ ደብተር ነው።